በልብ የተሰደዱ

ስለ ስደት በተነሣ ቁጥር ለፍርድ የሚቀርቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው የሄደው ነው፤ ሁለተኛው የቀረው። የሄደውን «አገሩን ከዳ» ይሉታል፤ የቀረውን «ዕድሉን በእጁ ገፋ» ይሉታል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ለትምህርት ባሕር የተሻገረ ሰው ተመልሶ መምጣቱ እንደ ደንብ ይቆጠር ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ ደንቡ ተገለበጠ፤ ክርክሩም አብሮ ተወለደ። ይኸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ አዲስ ቃል ሳይጨመርበት፣ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ፣ በየቢሮው የሻይ ሰዓት ይካሄዳል።

እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን በሦስተኛው ሰው ላይ ነው። ሦስተኛው ሰው አልሄደም፤ አልቀረምም። እግሩ እዚህ ነው፤ ልቡ ከሄደ ቆይቷል። ከዓመት ዓመት «ልንሄድ ነው» እያለ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በሻንጣ ላይ አስቀምጦ የሚኖር ሰው ነው። ይህን ሰው «በልብ የተሰደደ» እለዋለሁ። የምከራከረውም ስለ አንድ ነገር ነው፦ ቤትንም፣ ልጅንም፣ አገርንም ከሄደውና ከቀረው ይልቅ የሚጎዳው ሳይሄድ የሄደው ነው።

ማንን እንደምናገር ከመግለጼ በፊት ማንን እንደማልናገር ላስቀድም። ቤቱ የተቃጠለበትን፣ ስሙ ተይዞ የሚፈለገውን፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ልጁን አዝሎ የወጣውን ሰው አልናገርም። ለሚሸሽ ሰው ምክር አይሰጡትም፤ ውኃ ይሰጡታል፤ መንገድ ያሳዩታል። ከእኛ ቀዬ ወደ ዓረብ አገር ለሰው ቤት ሥራ የምትሄደዋንም ልጅ አልናገርም። እንዲያውም እርሷ ከእኛ ከተማርን ነን ባዮቹ ትሻላለች። ውሏ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት እንደ ሆነ፣ ደመወዟ ስንት እንደ ሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለእናቷ ጣሪያ፣ ስንቱ ለወንድሟ ትምህርት እንደሚውል ቆጥራ ነው የምትወጣው። የመንገዷን ክፋት ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሌቷ ግን ከብዙ ባለዲግሪ ስሌት የጠራ ነው።

የምናገረው ለባለ ደመወዙ፣ ለባለ ዲግሪው፣ ዕድሜው ሠላሳዎቹን ለያዘው፣ አግብቶ ወልዶ ትንንሽ ልጆች ለሚያሳድገው ሰው ነው። ለእኔ ቢጤ ማለቴ ነው።

*

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠ ሰው የሰውን ልብ አያነብም፤ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ግን ያያል። ገንዘብ የሄደበትን የሚያውቅ ደግሞ ልብ የሄደበትን ለመገመት አይቸግረውም። ለኤምባሲ የሚቀርበውን የሒሳብ መግለጫ ብቻ እንውሰድ። ከአጎት፣ ከአማት፣ ከዕቁብ የተለቃቀመ ገንዘብ በአንድ ሰው ሒሳብ ውስጥ ይጠራቀማል። መግለጫው ይታተማል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ከሳምንት በኋላ ገንዘቡ ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ የቀረው ሰው ባለጠጋ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ከበሩ የሚወጣው ግን በዚያ ሳምንት ለልጁ ጫማ አልገዛም። በልብ የተሰደደን ሰው ከዚህ የበለጠ የሚገልጸው ሥዕል አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ቤቱ ውስጥ የለም።

ቤቱን እንየው። ሶፋው ተቀዷል፤ አይለወጥም፤ «ልንሄድ አይደል?» ይላል። ጓደኞቹ የቤት ማኅበር ሲደራጁ እርሱ አልገባም። ዕድር ገብቷል፤ ስብሰባ ላይ ግን አይታይም። ሚስቱ ሱቅ ልክፈት ስትለው «ትንሽ ታገሺ» ይላታል፤ ትንሿ ዘጠኝ ዓመት ሆናለች። ትምህርት ቤት ወላጆችን ሲጠራ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብሎ ይቀራል። ልጁ እንግሊዝኛውን ሳይጨብጥ አማርኛውን ጥሏል፤ አባቱም «እዚያ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይኩራራበታል። አያቱ ተረት ሲነግሩት ቃል አይገባውም። አያቱ ግን ገጠር ናቸው፤ እስከ ክረምት ይኖሩ ይሆን አይኖሩ ማን ያውቃል?

ይህ ሰው ለዓመታት ሲሞላው የኖረው ዲቪ የሚባለው ዕጣ ነው። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ተደንግጎ ከ1995 ጀምሮ የሠራ ፕሮግራም ነው። ሕጉ ለዓለም ሁሉ የመደበው በዓመት 55 ሺህ ቪዛ ሲሆን፣ አንድ አገር ከዚያ ውስጥ ከ7 በመቶ በላይ ማግኘት አይችልም። 7 በመቶ ማለት 3,850 ሰው ነው፤ ያውም ባልና ሚስት ልጆቻቸውም ጭምር ተቆጥረው። በየዓመቱ በጥቅምት አካባቢ በየኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣውን ሕዝብ ያየ፣ ይህን ቁጥር ከዚያ ሰልፍ ጋር ማስተያየት አያቅተውም። ዕጣ መሞላቱን አልነቅፍም፤ ከሰዓት በላይ አይፈጅም። የምነቅፈው ለአንድ ሰዓት ሥራ ዓመቱን ሙሉ ሥራ መፍታቱን ነው። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ይህን ፕሮግራም ማገዱን አስታወቀ። በተከታዩ ጥር ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠት ማቆሙን ተናገረ። በሰው አገር ባለሥልጣን አንድ መግለጫ የአሥር ዓመት የቤተሰብ ዕቅድ ፈረሰ። ዕቅድ ከነበረ ማለቴ ነው።

*

መሄድ የሚያስመኝ ምክንያት የለም የሚል ሰው ይሞግተኝ እንደ ሆነ እንጂ እኔ አልልም። ምክንያቱ ሞልቷል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ልጁን ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚያስገባ አባት ይህን አይቶ ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከፈተናው ቀርቶ ከክፍሉም ርቀዋል። ገንዘቡንም እኔ አውቀዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አሥር ዓመት የቆጠበ ሰው፣ ቁጠባው በዶላር ሲሰላ ግማሽ የሚሆነው በአንድ ክረምት ተነነበት። እንግዲህ ይህን ሁሉ እያየሁ «አገር እናት ናት፤ እናት አትጣልም» ብዬ ብሰብክ፣ ስብከቴ ራሴንም አያሳምነኝም።

ስለዚህ ሰባኪዎቹን አስቀድሜ ላሰናብት። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ልጆቹን ውጭ አድርሶ እዚህ መድረክ ላይ ስለ አገር ፍቅር የሚያስተምረን ነው። ሁለተኛው በሰው አገር ሞቆት ተቀምጦ «እናንተ እንዳትወጡ፤ ትግሉን ማን ይረከባል?» እያለ በስልክ የሚያዘን ነው። ሁለቱም የሰውን ልጅ በሰው እሳት ላይ ያሞቃሉ። የመውጣት መብት የተጻፈ መብት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመውጫ ቪዛ በሚጠየቅበት በደርግ ዘመን ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ የመንዝ አባቶችም የሄደን ሰው እንደ ሞተ አልቆጠሩትም። ርስት በአባትም በእናትም የዘር ሐረግ ይቆጠር ነበርና፣ አያቱ ርቆ የሄደበት ሰው መጥቶ ትውልዱን ቆጥሮ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው በዚህ ነው። የዛሬው ሕግ ከዚያ ይጠብባል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ብዙ መብት ቢመልስለትም መምረጥና መመረጥን አይመልስለትም። ሕጉን የማነሣው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስረክብም አውቆ መሄድ አለበት ለማለት ነው።

ልጅን ይዞ መሄድም ልጅን መግደል አይደለም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ማግስት ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ተወስደው በህንድ አደጉ። ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛ አይችሉም ነበር፤ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸው ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለአገራቸው የተሟገቱት እኒሁ ሰው ናቸው። እርሳቸው ያለ ፈቃዳቸው ሄደው በፈቃዳቸው ተመለሱ። በልብ የተሰደደው ሰው ልጅ ግን ወዴትም ሳይሄድ፣ አያቱ አጠገቡ ተቀምጠው፣ አማርኛውን ያጣል። የትኛው ነው የባሰው ስደት?

*

ወደ ገዛ ቀዬዬ ልመለስ፤ ነገሬን ከማንም ይልቅ የሚያስረዳልኝ ጓሳ ነውና።

ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ቆላው ቁልቁል ከሚያየው ገደል አፋፍ ላይ የተዘረጋ፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጫማ ምድር ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው። መንዜ ግን የሚያውቀው በሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ጌሳ ይሠራበታል።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። (የዛሬ አንባቢ ከሌላው ቄሮ ጋር እንዳያምታታው፤ ይህ የመንዝ የሣር ሕግ ነው።) አስቦና ገራ የተባሉት ቀደምት አባቶች ወሰኑን እንደ ከለሉት ይተረካል። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ጥበቃው በየአጥቢያው ይከፋፈላል፤ ባለመብት የሆነ ሁሉ በተራው ይጠብቃል። ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም ባንድ ቀን ገብቶ ድርሻውን ያጭዳል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቄሮ የመጠበቅ ሥርዓት ነው። መጠበቁ ግን ሁለት ነገር ነበረው፤ ሥራና ቀን። የሚጠብቀው ሰው ዘብ ይቆማል፤ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የሚጠብቀውም ነገር የሚከፈትበት ጊዜ አለው፤ ሣሩን አይቶ፣ መክሮ የሚወስን ሰው አለ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር፣ ቄሮ የቆመበት የባለርስቶች መብትና ግዴታም አብሮ ተሻረ። የአዋጁን ፍትሕ እዚህ አልከራከርም፤ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ሰጥቷል። በጓሳ ላይ የደረሰው ግን የታወቀ ነው። የተዘጋው ተከፈተ። ያጨደው አጨደ፤ ያገባው ከብቱን አገባ፤ ያረሰውም አረሰ። ለምን? መንዜ በአንድ ቀን ክፉ ሆኖ ነውን? አይደለም። ሣሩ ነገ የእኔ ይሆናል ብሎ የሚተማመን ሰው ስለጠፋ ነው። ነገ የእርሱ ስለ መሆኑ ያልተረዳ ሰው ዛሬ ያጭዳል፤ ጎረቤቱም ሲያጭድ ሲያየው ከማለዳው ይቀድመዋል። ጓሳን የጎዳው ወደ አዲስ አበባ የተሰደደው መንዜ አልነበረም። እዚያው ሆኖ እኖርበታለሁ ማለት የተወው ነበር።

መፍትሔውም ከዚያው መጣ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ሰው የአባቶቹን ሕግ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው፤ ዘቡም መዝጊያና መክፈቻውም ተመለሱ። ሣሩ የተመለሰው አገሩ ሰላምና ጥጋብ ስለሆነለት አይደለም፤ ድህነቱም ያው ነበር፤ ውርጩም ያው። የተመለሰው ሰዎች «እዚህ ነን» ብለው ስለወሰኑ ነው።

አሁን ቢሮህን ተመልከት፤ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ ቀበሌውን ተመልከት። በልብ የተሰደደ ሰው የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ቄሮው የፈረሰ ጓሳ ነው። መምህሩ «እስክሄድ ድረስ ነው» ብሎ ያስተምራል። ሐኪሙ «እስክሄድ ድረስ ነው» ብሎ ያክማል። የባንክ ሠራተኛውም «እስክሄድ ድረስ ነው» ብሎ ባለጉዳዩን ያመናጭቃል። የሚሄደው ከመቶው ጥቂቱ ነው፤ እስኪሄድ ድረስ የሚያጭደው ግን መቶውም ነው። የሄደው ሐኪም አንድ ወንበር ባዶ አድርጎ ሄዷል፤ በባዶ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። በልብ የሄደው ግን ወንበሩን ይዞታል።

*

ሦስት መልስ እንደሚመለስልኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ቀኑን የሚቆርጠው ኤምባሲው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚል ነው። የቪዛውን ቀን አዎ፤ የሕይወትህን ቀን ግን ማን ነጠቀህ? ማመልከቻው ማመልከቻ ነው፤ ተልኳል፤ ሄዷል። ማመልከቻ ልኮ ባሕር ዛፍ መትከል አይከለከልም። ማመልከቻ ልኮ ለእናት ጣሪያ ቆርቆሮ ማልበስ አይከለከልም። ቪዛው ቢመጣ ዛፉ ይሸጣል ወይም ለወንድም ይቀራል። ባይመጣ ደግሞ ዛፉ አለ።

ሁለተኛው «ልጄን ለወጪው ዓለም እያዘጋጀሁት ነው» የሚል ነው። አባባሉ ያምራል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ቋንቋ ማሰብን ያልተማረ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚያስጠጋበት ግድግዳ የለውም። ልጅህ ቶሮንቶ ቢገባ፣ እዚያ ካሉት ልጆች የሚለየው የሰበረው እንግሊዝኛ ሳይሆን የያዘው አማርኛ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ፣ የአያቱን ምርቃት የማይሰማ፣ እንግሊዝኛንም በቴሌቪዥን የለቃቀመ ልጅ ለየትኛው ዓለም ነው የተዘጋጀው?

ሦስተኛው «መጠበቅ ምን ያስከፍላል? ቢመጣ መጣ፤ ባይመጣ ምን አጣሁ?» የሚል ነው። ይህኛው የሒሳብ ስሕተት ነውና በሒሳብ ልመልስ። የካናዳን መንገድ እንይ፤ ብዙ ባልደረቦቼ የሚያውቁት እርሱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚሠራበት የነጥብ አሰጣጥ ለዕድሜ ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ከ20 እስከ 29 ዓመት ላለ ሰው ነው። ከ30 ጀምሮ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ በ45 ዜሮ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ሁለት ዓመት ይሠራል፤ የትምህርት ማስረጃ ምዘናው አምስት ዓመት፤ የጤና ምርመራው አንድ ዓመት። በባለሙያነት ለሚያመለክት፣ እዚያ ቀጣሪ ላላገኘ ባለ አራት ሰው ቤተሰብ መቋቋሚያ የሚጠየቀው ገንዘብ ከ25 ሺህ የካናዳ ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ ወደ 1 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ከ2 ሚሊዮን አለፈ። እንግዲህ እየጠበቀ የተቀመጠ ሰው በየዓመቱ ነጥቡ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ብሩ ይረክሳል። መሄድ የምር ከሆነ መጠበቅ የመሄድም ጠላት ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተጽፏል። ቀን ያልተጻፈበት ባለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? የምለው አጭር ነው፤ ቄሮ አቁም።

ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። አራት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ። አንደኛ፣ እዚያ ስትደርሱ እኔም አንቺም ምን ሥራ እንሠራለን? ዲግሪያችን እዚያ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰናል? ሁለተኛ፣ ስንት ገንዘብ ያስፈልጋል? ከየት ይመጣል? ከማን ጉሮሮ ይነጠቃል? ሦስተኛ፣ አባትና እናቶቻችንን ማን ይጦራል? ሲታመሙ ማን ያስታምማል? አራተኛ፣ እስከ መቼ? በወር፣ በዓመት፣ በቀን ተጽፎ፤ እስከ መቼ? ሚስትህ ከአራቱ በአንዱ ካልተስማማች ወረቀቱ አልተፈረመም። ብዙው ቤት የሚፈርሰው በመሄድም በመቅረትም አይደለም፤ አንዱ ወስኖ ሌላው ተጎትቶ ሲሄድ፣ ወይም ተጎትቶ ሲቀር ነው።

ከዚያ ቀኑ እስኪደርስ የምትችለውን ሁሉ አድርግ፤ ተፈተን፣ ቆጥብ፣ አመልክት። ቀኑ ሲደርስ በሩ ከተከፈተ ሂድ፤ በቀን ሂድ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ነው የሄደው። የባንክ ብድሩን ከፍሎ፣ ዕድሩን አወራርዶ፣ የአባቱን መጦሪያ ከእኅቱ ጋር ተነጋግሮ፣ የሚያውቀውን ሥራ ለተተኪው አስተምሮ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አያታቸው ወርዶ አስመርቆ ሄደ። ማንም «ከዳ» አላለውም። እርሱ የሄደው ባለርስት ሆኖ ነው፤ ቢመለስ ድርሻው አለ።

ቀኑ ደርሶ በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ሻንጣውን ፍታ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ሻንጣ መፍታት እንደ ሽንፈት ይታያል። እኔና ባለቤቴ ቀናችንን መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ቆርጠን ነበር። ምንዛሪው የተለቀቀው ከዚያ ወር ተኩል ቀደም ብሎ ነበርና ሒሳቡ በወረቀታችን ላይ አልሞላም፤ አባቴም ብቻቸውን ነበሩ። ተነጋገርን፤ ቀረን። የቀረነው አገር ወዳድ ስለሆንን አይደለም፤ ሒሳቡ ቅሩ ስላለን ነው። ግን ከቀረን ዘንድ ቀረን። ልጆቹ ዘንድሮ አማርኛ ያነብባሉ፤ ባለቤቴ ሥራዋን ጀምራለች፤ አባቴ ደጅ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከልጆቹ ቁመት በልጧል። ነገ ሌላ ቀን እንቆርጥ ይሆናል፤ እርሱንም በወረቀት። ያለ ቀን ግን አንጠብቅም።

አገር የምትፈርሰው በወጡት ልጆቿ አይደለም። የወጡት ያዋጣሉ፣ ይናፍቃሉ፣ ጥቂቶቹም ይመለሳሉ። የቀሩት ይሠራሉ። አገር የምትፈርሰው በእያንዳንዱ ወንበር ላይ «እስክሄድ ድረስ ነው» የሚል ሰው ሲቀመጥ ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። ከሦስት ዓመቱ እስከ አሥር ዓመቱ ያለው ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ጓሳ ነው፤ አባቱ ልቡን ሌላ አገር ልኮ ያሳለፈውን ዓመት ቪዛ አይመልሰውም።

ለበልብ ስደተኛው ወዳጄ በስድስት መሥመር ልሰናበተው፦

ሥጋው እቤት ቀርቶ ልቡ የሄደበት፣
እንግዳ ሆኗል ሰው በተወለደበት።
ሣሩ ሲጠብቀው አድጎ እስኪከደን፣
እሱ ይጠብቃል የማያውቀውን ቀን።
ወይ ጫማህን አጥልቅ ወይ መሬቱን ቆፍር፤
ደጃፍ ላይ ቆመህ ግን ዕድሜህን አትገብር።